በቀጠሮ ማስያዣ ሶፍትዌራችን ማንኛውም ተጠቃሚ ራሱን አድሚን ማድረግ ይችላል፤ ምን ላድርግ?

ቀጠሮ_ጠባቂ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መካከለኛ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራውን ብቻዬን የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ክሊኒኩ የታካሚዎችን ቀጠሮ የሚይዘው በብራውዘር በሚከፈትና ከአንድ የአገር ውስጥ ድርጅት በተገዛ ሶፍትዌር ነው። ሰርቨሩ የተቀመጠው እዚሁ ክሊኒኩ ውስጥ ቢሆንም ሐኪሞች የነገውን ቀጠሮ ከቤታቸው ሆነው ማየት ስለሚፈልጉ፣ ታካሚዎችም በስልካቸው ስለሚመዘገቡ፣ ከውጭ በኢንተርኔት ይከፈታል። አራት ዓይነት ተጠቃሚ አለው፤ አድሚን፣ ሐኪም፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ እና ታካሚ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ በራሷ መገለጫ ገጽ ላይ ስልክ ቁጥሯን መቀየር አቅቷት ጠራችኝ። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12ን ተጭኜ «አስቀምጥ» ስትል ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን ጥያቄ ተመለከትኩ። ስልኩ ያልተቀመጠው ከፊቱ የመደመር ምልክት ስለነበረበት ብቻ ነበርና ያ ወዲያው ተፈታ። ያስደነገጠኝ ግን በዚያው ጥያቄ ውስጥ ከስሟና ከስልኳ ጋር አብሮ የሚላክ የሚና ቁጥር ማየቴ ነው፤ የእሷ 3 ይላል። ማታ ላይ ለሙከራ በከፈትኩት የካርድ ክፍል አካውንት ያንኑ ጥያቄ 3ቱን በ1 ተክቼ ላክሁት። ሰርቨሩ ያለ አንዳች ተቃውሞ 200 (ማለትም «ተሳክቷል») መለሰልኝ። ወጥቼ እንደገና ስገባ ለአድሚን ብቻ የሚታየው ዝርዝር በግራ በኩል ተደርድሮ ጠበቀኝ፤ የተጠቃሚዎች ማስተዳደሪያ፣ የክፍያ ሪፖርት፣ የሁሉም ሐኪሞች ቀጠሮ።

ሌላም አለ። በሙከራ የሐኪም አካውንት ገብቼ አንድ ቀጠሮ ስከፍት በአድራሻው መጨረሻ ላይ የቀጠሮው ቁጥር ይታያል። ቁጥሩን ለሌላ ሐኪም ወደያዝኩት የሙከራ ቀጠሮ ስቀይረው ያም ተከፈተ፤ መሰረዝም ቻልኩ።

ለድርጅቱ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ያ ምርጫ ለካርድ ክፍል በገጹ ላይ ስለማይታይ ማንም አያገኘውም፤ በሚቀጥለው ስሪት እናየዋለን» የሚል ነው። የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድ በእጄ የለም። ጉዳዩ የምፈራውን ያህል ከባድ ነው ወይ? ኮዱን ሳልነካ እስከዚያው የማደርገው ነገር አለ ወይ? ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ከሆነስ በምን ላውቅ እችላለሁ? ይህን በመሞከሬ እኔስ በሕግ እጠየቅ ይሆን? እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

የኋላ_ጓዳ

ወንድሜ፣ ከሚፈሩት በላይ ከባድ ነው። አንድን ቁልፍ ከገጽ ላይ መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ መብትን መከልከል ደግሞ ሌላ። ገጹ የሚሠራው በተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ነው። ብራውዘሩም በተጠቃሚው እጅ ያለ ዕቃ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚመጣውን ነገር ሁሉ ሰርቨሩ እንደ ማያውቀው እንግዳ ቃል ሊመረምረው ይገባል። የእርስዎ ሶፍትዌር ግን «ሚናዬ 1 ነው» ያለውን ሁሉ አምኖ ያሳልፋል።

የገለጹት ሁለት የተለያየ ጉድለት ነው፤ መፍትሔያቸው ስለማይገናኝ ለየብቻ ቢያዩአቸው ይሻላል። የመጀመሪያው ከዝቅተኛ ሚና ወደ ላይኛው መውጣት ነው። ሁለተኛው በአንድ ዕርከን ያለ ሰው የእኩያውን መዝገብ መክፈቱ ነው። ሁለቱም ኦዋስፕ የተሰኘው የድረ ገጽ ደህንነት ድርጅት «የተሰበረ የመዳረሻ ቁጥጥር» በሚለው ምድብ ሥር የሚወድቁ ሲሆኑ፣ ይህ ምድብ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የድርጅቱ የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ላይ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ የወጣ ነው።

የመጀመሪያው እንዴት እንደሚፈጠር ላስረዳ። ብዙ ፍሬምወርኮች (ገንቢዎች ሶፍትዌር የሚሠሩባቸው ዝግጁ መሠረቶች) ከብራውዘር የመጣውን የጄሰን ጥቅል፣ ማለትም የመስኮቹን ስምና ይዘት የያዘውን ጽሑፍ፣ እንዳለ ተቀብለው በዳታቤዙ ሰንጠረዥ ላይ መስክ በመስክ የሚገለብጡበት አቋራጭ አላቸው። ለገንቢው ምቹ ነው፤ አሥር መስክ አንድ በአንድ ከመጻፍ በአንድ መስመር ይገላገላል። በቀጠሮ ሶፍትዌሮች ላይ ደግሞ አድሚኑም፣ ሐኪሙም፣ ታካሚውም በአንድ የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ ላይ ተመዝግበው በአንድ የሚና ዓምድ ብቻ እንዲለያዩ ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ስልክ ቁጥር የሚቀይረው በር ሥልጣንም የሚቀይር በር ይሆናል። በሙያው ማስ አሳይንመንት የሚባለው ይህ ነው።

ድርጅቱ «ማንም አያገኘውም» ካለዎት በ2012 እ.ኤ.አ. ገንቢዎች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትሀብ ላይ የደረሰውን ያስታውሱት። አንድ ወጣት ሩሲያዊ ገንቢ ሩቢ ኦን ሬይልስ በተባለው ፍሬምወርክ ውስጥ ይህ አቋራጭ አደገኛ መሆኑን አስቀድሞ ለፍሬምወርኩ ባለቤቶች ቢያሳስብም ጆሮ የሰጠው አልነበረም። ከዚያም የራሱን የይለፍ ቁልፍ በሚያስገባበት ቅጽ ላይ የሌላ ሰው የተጠቃሚ ቁጥር ጨምሮ በመላክ ቁልፉን በሬይልስ ፕሮጀክት አባል ስም አስመዘገበ፤ በዚያም ወደ ዋናው የሬይልስ ኮድ ገብቶ ጻፈ። በገጹ ላይ ያንን ቁጥር የሚያስገቡበት ቦታ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሬይልስ 4 ገንቢው በግልጽ የፈቀዳቸውን መስኮች ብቻ የሚቀበል አሠራር ይዞ የመጣውም ከዚህ በኋላ ነው።

ከድርጅቱ የሚጠይቁት ጥገና ግልጽ መሆን አለበት። የመገለጫ ገጹ ስምን፣ ስልክንና የይለፍ ቃልን ብቻ ይቀበል፤ ከዚህ ውጭ የመጣውን ይጣል። የሚና ለውጥ በተለየ በር ይሁን፤ በዚያም በር ላይ ሰርቨሩ የጠያቂውን ሚና ከላከው ጥቅል ሳይሆን ከራሱ ሴሽን (ሰርቨሩ የገባውን ሰው ማንነት ከሚይዝበት ማስታወሻ) እና ከዳታቤዙ አንብቦ ይወስን። «ቁልፉን ደብቀነዋል» የሚል ምላሽ በድጋሚ ቢመጣ አይቀበሉት።

የማታ_ተረኛ

የኋላ ጓዳ ባለው ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሁለተኛው ጉድለትና ኮዱን ሳይነኩ ዛሬ ማታ ሊያደርጉት ስለሚችሉት ነው።

በቁጥር ቅያሪ የሌላን ቀጠሮ መክፈት በዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ እጅግ የተለመደ ችግር ነው። ኢዚ አፖይንትመንትስ የሚባለውን በፒኤችፒ የተጻፈ ነጻ የቀጠሮ ሶፍትዌር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ2022 እ.ኤ.አ. በይፋዊው የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2022-0482 በሚል ቁጥር የተመዘገበው ክፍተቱ፣ የቀን መቁጠሪያውን ቀጠሮዎች የሚያቀርበው በር ጠያቂው መግባቱን እንኳ ሳያጣራ የደንበኞችን የግል መረጃ አሳልፎ ይሰጥ የነበረበት ነው፤ በስሪት 1.4.3 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅት ተመራማሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት በታገዘ መፈተሻ በዚሁ ሶፍትዌር ላይ 15 ተመሳሳይ ክፍተቶችን አገኙ፤ ዝቅተኛ መብት ያለው ተጠቃሚ ከእሱ በላይ ያሉ ሰዎች የያዙትን ቀጠሮ እንዲያይና እንዲለውጥ የሚፈቅዱ ነበሩ። ስሪት 1.5.0 እነዚህን ዘግቷል። ይህን የማነሳው ሶፍትዌሩን ለማጥላላት አይደለም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ተመረመረ፣ ተገኘ፣ ተጠገነ። የእርስዎን ግን ከእርስዎ በቀር ማን እንደመረመረው የሚታወቅ ነገር የለም።

«ተከታታይ ቁጥሩን በረጅም የዘፈቀደ ቁጥር እንተካው» የሚል ሐሳብ ከድርጅቱ ሊመጣ ይችላል። ግምትን ያስቸግር ይሆናል እንጂ ፈቃድን አይተካም፤ አድራሻው በኤስኤምኤስ ወይም በኢሜይል ከተላለፈ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል። ሰርቨሩ ቀጠሮውን ሲፈልግ «ቁጥሩ ይህ የሆነ» ብቻ ሳይሆን «ቁጥሩ ይህ የሆነና ሐኪሙ አሁን የገባው ሰው የሆነ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ፍተሻ ለማየት፣ ለመለወጥና ለመሰረዝ ለየብቻ ሊኖር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ማየቱ ላይ ይደረግና መሰረዙ ይዘነጋል።

አሁን ወደ ዛሬ ማታው ሥራ። ሰርቨሩ በእጅዎ ስለሆነ ዳታቤዙም በእጅዎ ነው። ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ከሆነ በተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ ላይ አንድ ትሪገር (ዳታቤዙ በለውጥ ጊዜ ራሱ የሚያስፈጽመው ትዕዛዝ) ይጻፉ፤ አንድ ረድፍ ሊለወጥ ሲል አሮጌውን የሚና ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ልዩነት ካገኘ በሲግናል ትዕዛዝ ስህተት የሚያስነሳና ለውጡን ውድቅ የሚያደርግ። ከስምንት መስመር አይበልጥም። በዳታቤዝ ፈቃድ ዓምዱን መቆለፍ ይሻላል ብለው ቢያስቡ ሶፍትዌሩ ምናልባት በእያንዳንዱ ማስቀመጥ ላይ ሁሉንም ዓምድ እንዳለ ስለሚጽፍ ስልክ ቁጥር መቀየርም ይቆማል። ትሪገሩ ግን ቁጥሩ እስካልተለወጠ ድረስ ዝም ይላል። በእውነት የሰው ሚና መቀየር ሲያስፈልግ ራስዎ ትሪገሩን አንሥተው፣ ቀይረው፣ መልሰው ይተክሉታል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አደራ እላለሁ። የሞከሩት ነባር አካውንትን መለወጥ ነው። ታካሚዎች በራሳቸው ይመዘገባሉ ብለዋል። የመመዝገቢያው ቅጽም ያንኑ የሚና ቁጥር የሚቀበል ከሆነ አድሚን ለመሆን የክሊኒኩ ሠራተኛ መሆን እንኳ አያስፈልግም፤ ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው በቂ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ትሪገር አዲስ ረድፍ ሲገባ ሚናው ከታካሚ ውጭ ከሆነ የሚከለክል ይሁን። ዛሬውኑ ያድርጉት።

ለሁለተኛው ጉድለት ትሪገር አይረዳም። ሶፍትዌሩ ለሁሉም ሰው በአንድ የዳታቤዝ አካውንት ስለሚገናኝ ዳታቤዙ ከጀርባ ያለው የትኛው ሐኪም እንደሆነ አያውቅም። እዚያ የሚቻለው የሠራተኞችን በር ከኢንተርኔት ማውጣት ነው። ከፊት ንጂንክስ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ ሶፍትዌሩ የሚያሳልፍ የድር ሰርቨር) ካለ የታካሚዎች ማስያዣ ገጽ ብቻ ክፍት ሆኖ ቀሪው ከክሊኒኩ ኔትወርክ ውጭ እንዳይከፈት ያድርጉ፤ ሐኪሞቹ በዋየርጋርድ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ክሊኒኩ ኔትወርክ በሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ይግቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅሬታ ይበዛብዎታል፤ ይታገሡት።

ሕግና_ኮድ

የመጨረሻውን ጥያቄዎን ማንም ስላልነካው እኔ ልመልስ። የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ የምጽፈው ግን አጠቃላይ ማብራሪያ ነው እንጂ ጉዳይዎን የያዘ ጠበቃ ምክር አይደለም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ በማለፍም ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። እርስዎ የሥርዓቱ ኃላፊ ነዎት፣ የተጠቀሙትም ራስዎ በከፈቷቸው የሙከራ አካውንቶችና የሙከራ ቀጠሮዎች ነው፤ የማንንም እውነተኛ ታካሚ መዝገብ አልከፈቱም። ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው፣ አመሰግንዎታለሁም። ሆኖም ከዚህ በኋላ አንድም ሙከራ ከማድረግዎ በፊት ከክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ የተፈረመ ደብዳቤ ይያዙ፤ ምን እንደሚፈተሽ፣ በየትኞቹ አካውንቶች፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚል። ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት የሚፈልገው የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ክፍተቱን ያሳየው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅርብ ሆኖ ይገኛል።

የክሊኒኩ ኃላፊነት የተለየ ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። «ሶፍትዌሩን ገዝተነው ነው» የሚለው ክርክር መረጃውን የሰበሰበውን ክሊኒክ ነጻ አያወጣውም። አንዲት ሴት የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዟ፣ አንድ ሰው በየወሩ በአንድ ቀን ለአንድ ክትትል መምጣቱ፣ ካርዱ ሳይከፈት ቀጠሮው ብቻውን ይናገራል። «ቀጠሮ እንጂ የሕክምና መዝገብ አይደለም» የሚልዎት ቢኖር ይህን ይንገሩት።

ለድርጅቱም በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ያሳውቁ፤ ቀን ያለው፣ ክሊኒኩ ማኅተም ያደረገበት፣ ጥገናው የሚጠናቀቅበትን ጊዜ የሚጠይቅ። ተመሳሳይ ሶፍትዌር የገዙ ሌሎች ክሊኒኮች መኖራቸው አይቀርምና ድርጅቱ ለእነሱም እንዲያሳውቅ በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ። ምላሽ ካጡ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማመልከት ይችላሉ። የድርጅቱን ስም እዚህ አለመጥቀስዎም ተገቢ ነው፤ ገና ያልተዘጋ በር ስለሆነ።

ቀጠሮ_ጠባቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሥራ አስኪያጁን በማግስቱ ጠዋት አነጋግሬ ደብዳቤው ተፈረመልኝ። ከዚያም የማታ ተረኛ ያስጠነቀቀኝን ምዝገባ በሙከራ ስልክ ሞከርኩት፤ እንደተፈራው ሆነ። ከክሊኒኩ ውጭ በሞባይል ዳታ፣ እንደ ማንኛውም ታካሚ ስመዘገብ 1 ብዬ በላክሁት ቁጥር አድሚን ሆኜ ገባሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱን ትሪገሮች በዚያው ሰዓት ተከልኩ። አሁን ያንኑ ጥያቄ መልሼ ስልከው ሰርቨሩ 500 (የሰርቨር ስህተት) ይመልሳል፤ የሚያምር መልስ ባይሆንም በሩ ተዘግቷል። ስልክ ቁጥር መቀየር እንደ ቀድሞው ይሠራል።

ከእኔ በፊት የገባ ሰው ይኖር እንደሆነ ለማወቅ በመጀመሪያ የንጂንክስን ሎግ ፈተሽኩ። ሎጉ ማን በስንት ሰዓት መገለጫውን እንዳስቀመጠ ያሳያል እንጂ በጥቅሉ ውስጥ ምን እንደነበረ ስለማይመዘግብ ስልክ የቀየረውንና ሚና የቀየረውን መለየት አልቻልኩም። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ በየሌሊቱ የሚወሰደው የዳታቤዝ ባክአፕ ነው። የሦስት ወሩን ባክአፕ አንድ በአንድ ፈትቼ የሚናውን ዓምድ ብቻ አውጥቼ ቀን ከቀን አስተያየሁ። ከሁለት አዳዲስ ሐኪሞች ቅጥር በቀር አንድ ለውጥ ብቻ አገኘሁ፤ ከሁለት ወር በፊት ሥራ የለቀቀ የካርድ ክፍል ሠራተኛ አካውንት ሚናው በጥቅምት 12 ሌሊቱ ባክአፕ 3 ነበር፣ በጥቅምት 13ቱ ግን 1 ሆኗል። አድሚን የሆንነው እኔና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ስንሆን ሁለታችንም አልቀየርነውም። ጉዳዩን ሥራ አስኪያጁ ይዞታል፤ የሰው ስም ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አካውንቱን ወደ 3 መልሼ ዘግቼዋለሁ።

የኋላ_ጓዳ

ያደረጉት ፍተሻ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ሎጉ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ባክአፑ ግን አንድ ዓይነ ስውር ቦታ አለው። በአንድ ቀን ጠዋት ወደ 1 ከፍ ብሎ ማታ ሳይደርስ ወደ 3 የተመለሰ ሰው አይታይዎትም። ባይነሪ ሎግ በዳታቤዙ ላይ ክፍት ከሆነ እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ ስላለ ከዚያ ያጣሩ፤ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ሳይጠፋ አሁኑኑ ኮፒ ያድርጉት።

ሌላው አስቸኳይ ነገር፣ አካውንቱን ወደ 3 መልሼ ዘጋሁት ሲሉ በዳታቤዙ ላይ ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ሚናውን የሚያነቡት ሰውየው ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በሴሽኑ ውስጥ ይዘውት ይቀራሉ። እርስዎም በመጀመሪያው ሙከራ ሚናውን ከቀየሩ በኋላ የአድሚኑ ዝርዝር የታየዎት ወጥተው ሲገቡ ነው ብለዋል፤ ያ ምልክቱ ነው። ነገሩ በተቃራኒውም እንዲሁ ይሠራል። ያ ሰው በአንድ ስልክ ላይ እስከ ዛሬ ሳይወጣ ተቀምጦ ከሆነ ዳታቤዙ 3 ቢልም ሰርቨሩ አሁንም እንደ አድሚን ያስተናግደዋል። ሴሽኖቹን በሙሉ ከሰርቨሩ ላይ ያጥፏቸው፤ የሁሉንም ሰው።

ቀጠሮ_ጠባቂ

በሙከራ አካውንቴ አረጋገጥኩት፤ ልክ ነዎት። በዳታቤዙ ወደ 3 ከመለስኩት በኋላም ገጹን ሳልዘጋ ሳድሰው የክፍያ ሪፖርቱ ተከፈተልኝ። ባይነሪ ሎጉ የአሥር ቀን ብቻ ነበረው፤ ያለውን ኮፒ አድርጌያለሁ፣ በውስጡ ከእኔ ሙከራ ውጭ የሚና ለውጥ የለም።

ትናንት ሌሊት የሴሽን ፋይሎቹን በሙሉ አጠፋሁ፤ የሁሉም ሠራተኛ የይለፍ ቃልም እንዲቀየር አደረግሁ። ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት ካርድ ክፍል ተገኝቼ እያንዳንዳቸውን በአዲስ የይለፍ ቃል አስገባሁ፤ ሐኪሞቹን ደግሞ ቪፒኤኑን በየስልካቸው እየጫንኩላቸው ነው፤ ሦስት ቀርተውኛል። ለድርጅቱ ደብዳቤው ማኅተም ተደርጎበት ዛሬ ወጥቷል። አዲሱ ስሪት ሲመጣ ሁለቱንም ጉድለት በእነዚሁ የሙከራ አካውንቶች መልሼ እፈትሻለሁ፤ እስከዚያ ትሪገሮቹ አይነሡም።